ሰው የመታሁበት ቅቤ

ሰው በቅቤ መትቼ አውቃለሁ። የቃሪያ ጥፊ የሚባል ነገር ሰምታችሁ ይሆናል፤ የእኔው የቅቤ ነበር። ክንድ የሚያህል፣ ከፍሪዘር ወጥቶ እንደ ድንጋይ የደረቀ ቅቤ። ያውም በዐቢይ ጾም! የሰውየው የትከሻ አጥንት ሲሰበር ያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ በደህናው ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ደህናው» ለምን እንዳልኩ ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

ስሜ ታደለ ነው። አባቴ ስም ሲያወጣ ቀልደኛ ነበር ማለት ነው። ቀልድን ከእሱ ወረስኩ፤ ቡጢን ግን ከማንም አልወረስኩም። ትምህርት ቤት ትልልቆቹ ሊመቱኝ ሲመጡ አስቃቸው ነበር፤ እየሳቁ ጓደኛዬን መትተው ይሄዳሉ። ናይሮቢ በስደት ሳለሁ ፖሊሱን አስቀው ነበር፤ እየሳቀ ጎረቤቴን ይዞ ይሄዳል። አስተውላችሁ ከሆነ በቀልዶቼ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚመታ ሌላ ሰው አለ። እኔ ይህን ለማስተዋል ስድሳ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

ሚኒሶታ ገብቼ ሃያ ዓመት ያህል ታክሲ ነዳሁ። ዐይኔ ሲደክም መኪናውን ተውኩና ብሩክሊን ሴንተር፣ ልጄ ቤት፣ ሶፋ ላይ ተጋደምኩ። በስድስተኛው ወር ልጄ ሂሩት «አባዬ፣ ሶፋውን ልንጥለው ነው፤ ላዩ ላይ ካገኙህ አብረህ መሄድህ ነው» አለችኝ። በሳምንቱ ሴንት ፖል መሀል ከተማ አንድ የአየርላንድ ምግብ ቤት ኪችን ውስጥ ሥራ ያዝኩ።

ያስገባኝ ጀማል ነበር። ጀማል የአርሲ ልጅ ነው፤ አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፍሪድሊ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ሲናገር ቀስ ይላል፤ ሽንኩርት ሲከትፍ ግን እጁ አይታይም። ከታክሲ ዘመናችን ጀምሮ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ከአፉ ጠፍተው አያውቁም። ጠባብ ኪችን ውስጥ ቢላ ይዞ የሚያልፍ ሰው መጮኽ አለበትና «ጋሼ፣ ከኋላዎ ነኝ፣ ቢላ ይዣለሁ!» ይለኛል።

«አንተ ልጅ» እለዋለሁ፤ «ቢላ ይዞ እርስዎ የሚል ሰው በመላው አሜሪካ አንተ ብቻ ነህ።»

የቤቱ መታወቂያ ቻውደር የሚሉት የባሕር ሾርባ ነበር። መጀመሪያ ቅቤው ትልቁ ድስት ውስጥ ይቀልጣል፤ ባሮ ሽንኩርት ሳይጠቁር ቀስ ብሎ ይበስልበታል። ከዚያ ድንች፣ የዓሣ መረቅ፣ በጭስ የደረቀ ነጭ ዓሣ፣ ሳልመን፣ ከነዛጎሉ የሚቀቀል መስል የሚባል ጥቁር ፍጥረት። በመጨረሻ ክሬም በባልዲ። ሽታው የሞተ ያስነሳል። እኔ ታዲያ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገር በጾምም በፍስክም አልነካም። ቀኑን ሙሉ አበስለዋለሁ እንጂ አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም።

አየርላንዶቹ አረንጓዴ ለብሰው መንገድ የሚሞሉበት በዓል መጋቢት ውስጥ ነው፤ መጋቢት ማለት ለእኔ ዐቢይ ጾም ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ረመዳንም እዚያው ላይ ወድቋል። እንግዲህ አስቡት፤ በዓመቱ ትልቁ ቀን፣ ትልቁን ድስት የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቅቤና ክሬም አይቀምስም፣ ሌላው ውሃም አይቀምስም።

ጀማል ለዚህ መላ ነበረው። ጨው የጨመረ ሰው ከድስቱ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አንድ ሎሚ ያስቀምጣል። ሎሚ ካለ ጨው ገብቷል፤ ሎሚ ከሌለ አልገባም። ቀማሹ ደግሞ ሼፉ ራሱ ነው፤ ሁልጊዜ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ማንኪያውን ይነክራል። በዚህ ዘዴ ሁለት ረመዳን ያለ አንዳች ስሕተት አልፈን ነበር።

ሼፉ ዴክለን ይባላል። ከቁመቱ የተነሣ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሲቆጣ ሳህን ይወረውራል፤ ከመወርወሩ በፊት ግን «ጭንቅላት!» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ በዚህ ጨዋ ነው እንል ነበር። ለእሱ እንዳይገባው በመካከላችን «ባሩድ» አልነው። ከገና ወዲህ መጠጥ አብዝቶ ነበር። በዚያን ቀን ጧት አራት ሰዓት ሆነ፣ አራት ተኩል ሆነ፣ ባሩድ የለም። ውጪ ከበሮውና ጡሩምባው ጀምሯል። ሰው በሩ ላይ ተሰልፏል።

አንድ ቆርቆሮ ኩባያ ጨው ለካሁ፤ ድስቱ ውስጥ ጨመርኩ፤ ሎሚዬን አስቀመጥኩ። ጀማል ያን ጊዜ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ዓሣ ያወርዳል። እኔ ኦይስተር የሚሉትን በጥሬው የሚበላ ባለዛጎል የባሕር ፍጥረት መክፈት ያዝኩ፤ አጭር፣ ደነዝ፣ ጫፏ ግን የሾለ ቢላ አለችው፤ ዛጎሉ መገጣጠሚያ ላይ ሰክቶ መጠምዘዝ ነው።

ሞሪን ገባች። ሞሪን ከአስተናጋጆቹ አንጋፋዋ ናት፤ ሐምሳውን አልፋለች፤ በዚያን ቀን ጭንቅላቷ ላይ አረንጓዴ ላባ ሰክታለች።

«ታዲ፣ ነፍሴ፣ ሎሚ አለቀብኝ! የዘጠኝ ሰው ኦይስተር ያለ ሎሚ ልወስድ ነው?»

«ለአንቺ» አልኳት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «ከሰማይ አወርዳለሁ።» አወረድኩም። ከመደርደሪያው ላይ።

ግንባሬን ሳመችኝ። በስድሳ ሰባት ዓመት ግንባር ላይ መሳም ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። ሎሚ ያስረሳል።

ጀማል ዓሣውን ተሸክሞ ተመለሰ። ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። ባዶ ነው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ኦይስተሬን እያፏጨሁ እጠመዝዛለሁ። ኩባያውን ሞላ፤ ጨመረ፤ አማሰለ፤ የራሱን ሎሚ አስቀመጠ። ዘወር ስል መደርደሪያው ላይ ሎሚ አየሁ፤ የእኔው መሰለኝ። አምስት ሰዓት ላይ ሾርባው ማንም ሳይቀምሰው መቅረብ ጀመረ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዴክለን ገባ። ዐይኑ ቀልቷል፤ ሽታው ከእሱ ቀድሞ ነው የገባው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ሞሪን አንድ ሳህን ይዛ ተከተለችው፤ ላባዋ ተጣሟል።

«የባለቤቱ እናት ጠረጴዛ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አሮጊቷ ተፉት። ጨርቁ ላይ ተፉት፣ ዴክለን። ሰው ሁሉ እያየ።»

ማንኪያውን ነከረ። ቀመሰ። ሳህኑን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። በዚያን ቀን «ጭንቅላት!» አላለም። ያኔ ነበር መሸሽ የነበረብን።

«ጨው ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሼፍ» አለ ጀማል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሎሚው፣ ላባው፣ ግንባሬ፣ ሁለቱ ኩባያዎች፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። «እኔም ጨምሬያለሁ፤ ምልክቱን ያነሳሁትም እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ይህ ነው፦

«ሼፍ፣ የባሕር ምግብ ባሕሩን ካላስታወሰ ምኑን የባሕር ሆነ?»

ማንም አልሳቀም። ዴክለን ወደኔ ዞሮም አላየም።

«ቀምሰኸዋል?» አለው ጀማልን።

«አልቀመስኩም። ጾመኛ ነኝ።»

ማጅራቱን ያዘው። እንደ ድመት ግልገል አንጠልጥሎ ፊቱን ድስቱ ላይ ደፋው፤ እንፋሎቱ ጀማልን ዋጠው። በሌላ እጁ ጭልፋውን ሞላና ከንፈሩ ላይ ገተረው።

«ቴስት ኢት!» ብሎ ጮኸ። ቅመስ ማለቱ ነው። በእኛ ቋንቋ ሾርባም ይቀመሳል፣ ዱላም ይቀመሳል። ባሩድ አማርኛ ሳያውቅ ሁለቱንም ባንድ ቃል አላቸው።

ጀማል ከንፈሩን ገጠመ። ትኩሱ ሾርባ በአገጩ፣ በአንገቱ ወረደ። ቆዳው ሲቀላ አየሁ። አልከፈተም። ዴክለን ጭልፋውን ገልብጦ በብረቱ አፉን መታው።

«ቅመስ!»

ሳህን አጣቢው ሸሸ። ሞሪን «ዴክለን! ኦ ጌታዬ፣ ዴክለን!» እያለች ወደ ውጪ ሮጠች። እኔ ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ፤ ኦይስተር ቢላዬ በግራ እጄ። በመጀመሪያው ምት «አሁን ይተወዋል» አልኩ በሆዴ። በሁለተኛው «አሁን ሌላ ሰው ይገባል» አልኩ። በሦስተኛው የጀማል ላይኛው ከንፈር ተሰነጠቀና ጥርሱ ድስቱ ውስጥ ወደቀ። ነጩ ክሬም ላይ ቀዩ ደም ክር ሆኖ ሲዞር አያለሁ። ጀማል አሁንም ከንፈሩን ለመግጠም ይታገላል፤ የሚገጥም ከንፈር ግን አልቀረውም።

አንባቢዎቼ፣ እውነቱን እነግራችኋለሁ። ያን ጊዜም «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ናት። ሁለቷን ቃል ከመናገር ሰው መምታት ቀለለኝ።

ለሶስ ያወጣናቸው ሦስት የቅቤ ግንዶች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ገና በረዶ ናቸው። አንዱን አነሳሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ትከሻው ላይ አሳረፍኩት። ጠቅ አለ፤ ደረቅ ማገዶ ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚለው። ጭልፋው ወደቀ። ጀማል ከእጁ ሾልኮ መሬት ተቀመጠ።

ዴክለን ዞረ። ቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል፤ ግራው ግን ደህና ነበረች። ጆሮዬ ላይ አቀመሰኝ። ደወል ተደወለ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ነው። ቀጥሎ በጉልበቱ ከብረቱ ጠረጴዛ ጠርዝ ጋር አጣበቀኝ፤ ጎድኔ ውስጥ ሁለት ነገር ተሰበረ። ስንታገል ድስቱን አቀፍነው፤ ተገለበጠ። መሬቱ ሁሉ ቻውደር ሆነ። ጸጉሬን ይዞ ፊቴን እዚያ ውስጥ ደፈቀው፤ ጉንጬ ተቃጠለ፤ አፌ ሞላ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የሠራሁትን ሾርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩ።

ሰውየው እውነቱን ነው። ጨው በዝቶበታል።

ሊነሳና ሊረግጠኝ ሲል ክሬሙ አዳለጠው። በጀርባው ወደቀ፤ ማጅራቱ የምድጃው በር ላይ አረፈ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ደረቱ ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። ኦይስተር ቢላዋ ከእጄ አልወደቀችም ነበር። ጫፏን ከዐይኑ ሥር፣ አጥንቱ ጉድጓድ አፍ ላይ ሰካኋት። የደም ጠብታ ወጣች። ያን ሁሉ ጧት እንዴት እንደሚከፈት ስለማመድ ውያለሁ፤ መሰካትና መጠምዘዝ ነው።

«ፕሊዝ» አለ። ትልቁ ሰውዬ የሕፃን ድምፅ ነበረው።

ደስ አለኝ። ይህንን ነው ለመጻፍ የከበደኝ። ስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ሲያስቅ የኖረ ሽማግሌ፣ ከሥሩ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲያገኝ ማር እንደላሰ ጣፈጠው። እጄን ትንሽ ገፋሁ።

«ተው!»

ከኋላዬ ነው፤ የተሰባበረ ድምፅ።

«ተው አንተ ሰውዬ! ጾመኛ ነን!»

ጀማል በእጅና በእግሩ እየዳኸ መጥቷል፤ ከአገጩ ደም ይንጠባጠባል። «አንተ» አለኝ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ከዚያ አፍ ወጥታ የማታውቅ ቃል፣ ጥርሱ በወለቀ አፍ። እጄ ለብቻዋ ተከፈተች። ቢላዋ ክሬሙ ውስጥ ወደቀች።

ፖሊስ መጣ፤ አምቡላንስ መጣ፤ ከሰልፉ የወጡ አረንጓዴ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች በመስኮት ያዩናል። ፖሊሷ «አይዞህ፣ ኪችኑ ካሜራ አለው፤ ሁሉም ነገር ተቀርጿል» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ሎሚውን ነው።

ሆስፒታል ጎን ለጎን አስተኙን፤ በመካከላችን መጋረጃ። የጀማል ከንፈር ተሰፍቷል፤ ሦስት ጥርስ የለውም፤ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ነርሷ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ብታመጣለት «ጀንበር ትግባ» ብሎ በእጁ አሳያት። በሽተኛ ማፍጠር እንደሚፈቀድለት እኔ እንኳ አውቃለሁ። ከንፈሩን ያስከፈለውን ጾም በኪኒን ሊጨርሰው አልፈለገም።

አመሻሹ ላይ ስልኩ አዛን አለ። በስትሮ ውሃ ጠጣ። ሲጠጣ ያሰማው ድምፅ ከጎድኔ በላይ አመመኝ።

«ጀማል» አልኩ በመጋረጃው በኩል።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ሎሚውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጨው ጨምሬ ነበር፤ አስቀምጬም ነበር፤ ለሞሪን ሰጠኋት።»

ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ሰማሁት።

«ሲጠይቅህ አውቄ ነበር» አልኩ። «አውቄ ነው የቀለድኩት።»

እዚህ ላይ ራሴን ቅን ሰው አስመስዬ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ካሜራው ባይኖር መናገሬን እንጃ።

መጋረጃውን ገለጥ አደረገ።

«ሂድ» አለኝ። ይሂዱ አይደለም። ሂድ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዴክለን ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ጥፋቱን አምኖ ተቀጣ። እኔን ካሜራው አዳነኝ፤ ቢላዋን እንደጣልኩ ዐቃቤ ሕጉ አይቷል። ሥራው ግን ቀረ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ ጾም ሽሬያለሁ።»

«በምን?»

«በቅቤ፣ በክሬም፣ ቅርፊት በሌለው የባሕር ፍጥረትና በሰው ደም። ባንድ ጉርሻ።»

አባ ቀና አሉ። «ፈልገህ ነው?»

«ሾርባውስ ተደፍቄበት ነው። ቢላዋን ግን ፈልጌ ነው።»

ስግደት አዘዙኝ፤ በሁለት የተሰበረ ጎድን። እያንዳንዷ ስግደት ስሟን ነግራኛለች።

ኢድ ሆነ፤ ለጀማል ደወልኩ፤ አላነሳም። በሳምንቱ ደገምኩ፤ አላነሳም። ሂሩት «አባዬ፣ ምነው ቀልድ ተውክ?» ትለኛለች። አልተውኩም፤ እንደምታዩት አሁንም አፌ አያርፍም። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። አፌ ቀልድ ሊያወጣ ሲል አሁን ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆመው ማን እንደሆነ አያለሁ። ከቀልዱ በፊት የምትባል ሁለት ቃል ካለች እሷን አስቀድማለሁ። እናንተም ሰው ሁሉ «አይ እሱ ጨዋታ አዋቂ ነው» የሚላችሁ ከሆነ፣ የመጨረሻው ቀልዳችሁ ማንን እንዳስመታ እስቲ ለአፍታ አስቡ። እኔ ለማሰብ አንድ ጆሮ ከፍያለሁ።

የፋሲካ ማግስት ድስት ጣድኩ። ቅቤ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ሳልመን፣ ነጭ ዓሣ፣ ክሬም። መስሉን ተውኩት፤ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ አስገባሁ። ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ በሂሩት መኪና ፍሪድሊ ድረስ በሰዓት ሰላሳ ማይል እየነዳሁ ሄድኩ፤ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋብኛል፤ በአንድ ጆሮ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። ክዳኑ ላይ አንድ ሎሚ አስቀምጫለሁ።

በሩን የከፈተው ራሱ ጀማል ነው። ከንፈሩ ላይ ጠባሳው እንደ ስፌት ቀርቷል። ድስቱን አየ። ሎሚውን አየ። እኔን አየ።

ድስቱን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁት።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ዓሣ ነው። ያደረግሁበት ጨው አንድ ጊዜ ነው። የጨመርኩትም እኔ ነኝ።»

ሎሚውን አነሳና ኪሱ ከተተው። ወደ ውስጥ ሄደ፤ በሩን ግን አልዘጋውም። ማንኪያ ይዞ ተመለሰ። ክዳኑን ከፈተ፤ ቀዳ፤ ወደ አፉ ይወስደዋል ስል ማንኪያውን ወደኔ ዘረጋው።

«መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱ፣ ጋሼ» አለኝ።

ቀመስኩ።

«እህ?»

«ጨው አንሶታል» አልኩ።

ጀማል ሳቀ፤ ከሳቁ ብዛት ጠባሳው ይከፈታል ብዬ ፈራሁለት። ከዚያ ድስቱን ከእጄ ተቀበለኝና ጨው ሊጨምርበት ገባ።